ውጤቱ ሳይመጣ የሚነገር ቃል

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበትን ቤት ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ግንቦት ሲጋመስ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀንሳል። እንግዳ ሲመጣ ቡናው ከሳሎን ወደ ጓሮ ይዛወራል። ታናናሾቹ «ዝም በሉ፣ እያጠናች ነው» ሲባሉ ይውላሉ። እናት ከገበያ ስትመለስ ከዘንቢሉ ሥር ለሌላው ያልታሰቡ ሁለት ብርቱካኖች ይወጣሉ። በሌላ ጊዜ ስለ ትምህርት ጠይቆ የማያውቅ አባት ሳይቀር ከመስጊድ ሲመለስ በሩ ላይ ቆም ብሎ «እንዴት ነው ታዲያ፣ ተዘጋጀሽ?» ይላል። ልጅቷም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ ደብተሯ ትመለሳለች። ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

ይህን ወቅት እኔ በሁለት በኩል አውቀዋለሁ። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የገዛ ልጄ ከተፈታኞቹ አንዷ ነበረች። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያየሁትንና በቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁትን ነው። ጉዳዩም ተማሪው ለፈተና ስለሚያደርገው ዝግጅት ብቻ ሳይሆን፣ ቤተሰቡ ለውጤቱ ስለሚያደርገው ዝግጅት ጭምር ነው። የመጀመሪያውን ብዙዎች ያስቡበታል። ሁለተኛውን ግን የሚያስብበት ጥቂት ነው።

በትምህርት ቤት የዓመቱ መጨረሻ ወሬ የሚነበበው ከአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ተማሪው ሲገባም ሲወጣም እዚያ ይሰበሰባል። መጀመሪያ የሞዴል ፈተናው ፕሮግራም ይለጠፋል፤ ቀጥሎ ውጤቱ። ከዚያ «የወሰዳችሁትን መጻሕፍት መልሱ» የሚለው ይመጣል፤ ከዚያም የመፈተኛ ካርድ መውሰጃ ቀን። በመጨረሻ ሁሉም የሚጠብቀው ወረቀት ይወጣል፤ ማን በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንደሚፈተንና መኪናው መቼ እንደሚነሣ የሚናገረው። በዚህ መካከል ክፍሉ እየሳሳ ይሄዳል። ስልሳ የነበሩት ሠላሳ፣ ከዚያም አሥራ ሁለት ይሆናሉ። የቀሩት ቤታቸው ወይም ቤተ መጻሕፍት ሆነው ያጠናሉ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ዩኒፎርማቸው ላይ በእስክሪብቶ ይፈራረማሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ያን ቀን ሲስቁ ለተመለከታቸው ሰው ጭንቀት የሚባል ነገር የሚያውቁ አይመስሉም።

የፈተናውን ክብደት ግን ቁጥሩ ይናገራል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛው፣ ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት መጀመሩ ነው። ሁለተኛው፣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከአጠቃላዩ ነጥብ ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ መሆኑ ነው። የ2014ቱን ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሹን ያመጡት 29,909 ነበሩ። በ2015 ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው 27,267 አለፉ። በ2016 ከ674 ሺህ በላይ ከሚሆኑት 36,409፣ በ2017 ደግሞ ከ585 ሺህ በላይ ከሚሆኑት 48,929 አለፉ። ከመቶው ሲሰላ 3.3፣ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በ2014ም በ2015ም ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ።

እኔ የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ቁጥሩን ወደ ክፍሌ አምጥቼ አየዋለሁ። በ2016ቱ ስሌት ስልሳ ልጆች ካሉበት ክፍል የሚያልፉት ሦስት ናቸው። እንግዲህ ፎቶግራፍ ሲነሡ ከሚስቁት ስልሳ ልጆች ሃምሳ ሰባቱ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ «አላለፍክም»፣ «አላለፍሽም» የሚለውን ቃል ይሰማሉ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ዝናብ እንደሚመጣ የሚያውቅ ገበሬ ጣራውን አስቀድሞ ይጠግናል። እኛ ወላጆች ግን ሊመጣ የሚችለውን እያወቅን የምንዘጋጀው ለደስታው ብቻ ነው። ለሌላው ቀን የተዘጋጀ ቃል በቤታችን የለም።

በቅድሚያ ስለ ጥናቱ ጥቂት ልበል። ፈተናው የአንድ ዓመት ትምህርት ፈተና አይደለም፤ ስለዚህ በሰኔ የሚጀመር ጥናት ብዙ አያራምድም። በቆየሁባቸው ዓመታት ከፍ ያለ ውጤት ሲያመጡ ያየኋቸው ልጆች ሌሊቱን ሙሉ የሚያነቡት አልነበሩም። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰዓት ይዘው የሚሠሩት፣ የተሳሳቱትን ጥያቄ በሌላ ደብተር ጽፈው ከሳምንት በኋላ ደግመው የሚሞክሩት ናቸው። የተሳሳቱበት ደብተር ከሁሉ የበለጠ መምህር ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ራሱን የቻለ አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእርሱ ነው። መልሱን እያወቁ ጥያቄው ያልገባቸው ስንት ልጆች አይቻለሁ። በቀን አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የሚያነብ ልጅ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሌላ ሰው ነው።

ልጄ የራሷን ሰዓት ያገኘችው በረመዳን ነው። የ2016ቱ ረመዳን የገባው በመጋቢት መጀመሪያ፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በተጋመሰበት ጊዜ ነበር። ጾሙና ጥናቱ እንዳይጋጩባት እናቷ ተጨንቃ ነበር። ልጅቷ ግን ሱሑር ከተበላ በኋላ እስከ ፈጅር ያለችውን ጊዜ ያዘች። ሰፈሩ ጸጥ ያለ፣ ስልኩ የማይጮኽ፣ አእምሮ ያረፈ። በዚያች አንድ ሰዓት የሠራችውን ማታ በሦስት ሰዓት እንደማትሠራው ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ረመዳን ካለቀ በኋላም በዚያው ሰዓት መነሣቷን ቀጠለች። ከዐስር በኋላ ያለውን ጊዜ ደግሞ ለልምምድ ጥያቄ አደረገችው። ቀኑ በአምስቱ ሰላት የተከፋፈለ ስለሆነ ሌላ ፕሮግራም ማውጣት አላስፈለጋትም። ከኢሻ በኋላ ደግሞ ትተኛለች። እንቅልፍ ያላገኘ ልጅ የሚያውቀውን ይረሳልና ይህን ወላጆች ሁሉ ልብ ሊሉት ይገባል።

እዚህ ላይ ስለ ሴት ልጆቻችን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወንዱ ሲያጠና «እያጠና ነው» ይባላል። ሴቷ ስታጠና ግን እንጀራው መጋገር፣ ውኃው መቀዳት፣ ሕፃኑ መታዘል አለበት። ሁለቱ ከአንድ ፈተና ፊት ይቀርባሉ፤ ጥያቄው ለሁለቱም አንድ ነው። ቢያንስ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሥራውን ወንድሞች ቢከፋፈሉት ቤት አይፈርስም። በእኛ ቤት የሰኔን እንጀራ ታላቅ ወንድሟ ጋገረ። የመጀመሪያው ሳምንት እንጀራ ዓይን አልነበረውም፤ ግን ተበላ።

ዐረፋ ሲመጣ ግን በቤታችን ክርክር ተነሣ። የዚያ ዓመት ዒድ አል-አድሐ ሰኔ 9 ቀን ነበር፤ ፈተናው ደግሞ በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንታት። ለወሎ ሰው ዐረፋ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ከአዲስ አበባም ከሩቅ አገርም ያለው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይተማል። እናቴም ገጠር ናት፤ የልጅ ልጆቿን በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ ላይ የምታየው ያን ቀን ነው። ባለቤቴ «ዘንድሮስ ትቅር፣ ወር አልቀራትም» አለች። ታላቁ ልጄ «ሁለት ቀን ምን ያጎድላታል?» አለ። ልጅቷ እኔን ታየኛለች። እኔም «መጽሐፍሽን እዚሁ ትተሽ ሂጂ፤ ሁለት ቀን ያለ መጽሐፍ ዋይና ተመለሽ» አልኳት። እንዲህ ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ፤ እርሱንም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለ ፈተናው ተነጋግረን ስንጨርስ «ስንት ሰው ነው የሚፈተነው?» ብላ ጠየቀች። ስድስት መቶ ሺህ በላይ ነው አልናት። «ስንቱ ያልፋል?» ጥቂቱ። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ የቀረውን የት ታደርጉታላችሁ?» አለች። ከዚያ ልጄን ወደ ራሷ ስባ «ልጅ እህል ነው እንዴ በቁና የሚለካ?» ብላ መረቀቻት። ይህ የእናቴ ጥያቄ ከትምህርት ሰው አፍ ሰምቼው የማላውቀው ነው። የቀረውን የት እናደርገዋለን?

አሁን ወደ ምክንያቴ ልመለስ። ከተማሪዎቼ አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሒሳብ ሲሠራ ጠመኔው ከእጁ ይሮጥ ነበር። ከ2014ቱ ተፈታኞች አንዱ ሲሆን፣ ውጤቱ በጥር 2015 ሲገለጽ ከግማሹ በታች ሆነበት። ያን ቀን ወደ ቤቱ አልሄደም። ጓደኞቹ ከአንድ ደላላ ጋር ሲነጋገር አዩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኦቦክ ለእናቱ ደወለ። ኦቦክ በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ያለች፣ የእኛ አገር ልጆች ወደ የመን የሚሻገሩባት ከተማ ናት። ከየመን ደግሞ ወደ ሳዑዲ። ይህን መንገድ በወሎ የማያውቅ ቤተሰብ የለም፤ ባሕሩ የበላውን፣ በረሃው ያስቀረውን፣ በእስር ቤት የቆየውን ሁሉም ከየቀዬው ይቆጥራል። ወደዚያ የሚሄደው በድህነት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ድህነት አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ይህ ልጅ ግን አባቱ ሱቅ ያለው ነበር።

በኋላ ከስደት ተመላሾች ጋር ተመልሶ ሊጠይቀኝ መጣ። ከስቷል፤ አንደኛው እጁ እንደ ልቡ አይታዘዝለትም። ቡና ቀረበለትና ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ ለምን እንደሄደ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ ቤቴን የፈራሁትን ያህል መንገዱን አልፈራሁትም» አለኝ። አባቱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ሰው ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት ሙሉ በየሱቁ፣ በየመስጊዱ ደጃፍ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ሲል ልጁ ሰምቷል። ካላለፈ ምን እንደሚሆን ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። ስለዚህ ራሱ ገመተው፤ የገመተውም ከእውነቱ እጅግ የከፋውን ነበር። አባቱ ከሄደ በኋላ ያለቀሰውን ለቅሶ ልጁ ቢያይ ኖሮ ከመናኸሪያው ይመለስ ነበር።

ልጅ ከወላጁ ያልሰማውን ነገር ባዶ አድርጎ አይተወውም፤ በፍርሃቱ ይሞላዋል። ከውጤት በኋላ የሚነገር ማጽናኛም ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ልጁ «ስላዘኑልኝ ነው» ብሎ ይተረጉመዋልና። ውጤቱ ሳይታወቅ የተነገረ ቃል ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ማንም ለማንም አላዘነም። ቃሉ ቃል ብቻ ነው፤ ይታመናል።

ስለዚህ ልጄ ወደ ተመደበችበት ግቢ ልትሄድ በነበረችበት ዋዜማ ከመግሪብ በኋላ አስቀመጥኳት። እናቷም ነበረች። ሻንጣዋ በሩ ሥር ተዘጋጅቷል፤ ስልክም ሆነ ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይዞ መግባት ስለማይቻል ስልኳን ለወንድሟ ሰጥታለች። እንዲህ አልኳት፦ «የተቻለሽን ሠርተሻል፣ አይተናል። የእኛ ልጅ መሆንሽ በመልስ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም፣ በእርሱም አይሰረዝም። ብታልፊ አብረን እናመሰግናለን። ባታልፊ ደግሞ በማግሥቱ ቁጭ ብለን ሌላውን መንገድ እንመክራለን። ውጤቱን ከማንም በፊት ለእኛ ንገሪን፤ ከማንም በፊት የምንሰማሽ እኛ ነን።» እናቷ «የምትመለሽበት ቤት ያው ቤትሽ ነው» አለቻት። ሌላ ብዙ ንግግር አልነበረም። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችና ሄዳ ተኛች።

ከግቢው በር መልስ ያለው ዝምታ ለወላጅ አዲስ ነገር ነው። ቀደም ሲል ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተፈትኖ ለምሳ ይመለስ ነበር። አሁን ለቀናት ድምፁ አይሰማም። ሴቶቹ በራሳቸው ዶርም ቢያድሩም እናቶች «በላች? ተኛች? የት ሰገደች?» እያሉ ይሰነብታሉ። ያም ሆኖ ፈተናው ወደ ግቢ የገባበትን ምክንያት መርሳት የለብንም። በግንቦት 2008 ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ በተጀመረበት ቀን ተሰርዟል። ወደ ሰኔ 27 ተዛወረ፤ በዚያ ሳምንት ዒድ አልፈጥር ስለሚውል ደግሞ እንደገና ወደ ሐምሌ 4 ተገፋ። አንድ ወረቀት ተሰርቆ የመላ አገሪቱ ተማሪ ሁለት ጊዜ ተዘጋጅቶ ተጨነቀ። ታዲያ ዛሬም በፈተናው ሰሞን በቴሌግራም «መልስ አለ» የሚል ሲመጣ ገንዘብ የሚልኩ ወላጆች መኖራቸው ያሳዝናል። የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ውሸት ነው። እውነት ቢሆን እንኳ የሌላውን ልጅ ወንበር መውሰድ ነው። ልጁም ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ አባቴ በእኔ አላመነም።

ውጤቱ የወጣው ጳጉሜን 4 ቀን ነበር። ልጄ ከ600 ያመጣችው 287 ነው። ከግማሹ በአሥራ ሦስት ነጥብ አነሰ። መለያ ቁጥሯን አስገብታ ካየች በኋላ ወደ ክፍሏ አልገባችም፤ ወደ ጓሮ መጥታ «አባ፣ አላለፍኩም» አለችኝና ስልኩን ሰጠችኝ። እናቷ ሰማች። ተላቀስን፤ አይለቀስም አልልም። ግን ያን ሌሊት ልጃችን የት እንዳለች እናውቅ ነበር። ኢሻን አብረን ሰገድን፤ እራት ቀረበ፣ ትንሽ በላች።

ከባዱ ነገር የመጣው ከውጭ ነው። አዲሱ ዓመት በማግሥቱ ማግሥት ነበርና የመጣው ሁሉ «ስንት አመጣች?» ይላል። ጥያቄው በክፋት አይደለም፤ ልማድ ነው። ከመጡት አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ቁጥሩን ሳትጠይቅ ወደ ልጅቷ ሄዳ «ደከመሽ እኮ፣ እስቲ አርፈሽ ተቀመጪ» አለቻት። ያቺን ሴት ልጄ እስከ ዛሬ ታነሣታለች። ጎረቤትም ቢሆን ለውጤት ቀን የሚዘጋጅበት ቃል አለው።

በማግሥቱ እንደ ቃላችን ቁጭ ብለን መከርን። ከግማሽ በታች ላመጡ ከተወሰነ ነጥብ በላይ ያላቸው የሚገቡበት የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለው፣ አለ፤ ጥቂት ወራት ተምረው እንደገና ይፈተናሉ። እርሷ በዚያ ገባች፤ ተፈትናም አለፈች። የወንድሜ ልጅ ደግሞ በዚያው ዓመት ተፈትኖ ለማካካሻውም አልደረሰም። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተማረ። አሁን የምናበራውን የሳሎናችንን መብራት የዘረጋው እርሱ ነው። ከሁለቱ የትኛው ተሳካለት ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ሁለቱም ዐረፋ ሲመጣ እናቴ ዘንድ ይገኛሉ። እናቴ የሁለቱንም ነጥብ አታውቅም።

ወላጆች ሆይ፣ የፈተናው ጥያቄ በእጃችን አይደለም፤ ማን እንደሚያልፍም የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ነው። በእጃችን ያለው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ልጆቻችን ወደ ፈተናው ሲሄዱ ተሸክመውት የሚሄዱት ቃል። ይህን ቃል ለመናገር መማር አያስፈልግም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ጊዜ ግን አለው። ከውጤት በኋላ ከሆነ ዘግይቷል። የመፈተኛ ካርዷን ይዛ ስትመጣ፣ ወይም እርሱ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ፣ ወይም ደግሞ ዛሬ ማታ እራት ሲነሣ አስቀምጧቸውና ንገሯቸው። እናትና አባት ባንድነት ይናገሩት፤ አንዱ ብቻ ከተናገረው ልጅ የሌላውን ዝምታ ያዳምጣልና። አላህ ለልጆቻችን ያለፋቸውን ፍሬ ያሳያቸው፤ ለእኛም የሚመለሱበት ቤት ለመሆን ልብ ይስጠን። አሚን።